የሰው አልጋ

ተማሪ አገር ለማየት ሲነሳ አስቀድሞ የሚያሰላው የመኪናውን ሒሳብ ነው። ቀጥሎ የምግቡን። የመኝታው ነገር ከሁሉ በኋላ ይመጣና «እሱን እዚያው እንደርስበታለን» ተብሎ ይታለፋል። እኛ ግን አላለፍነውም፤ ከጉዟችን ሁለት ቀን ቀድመን በስልክ አስይዘን ነበር። ይህን ከወዲሁ የምንናገረው፣ ወሬያችንን የሰማ ሁሉ «ቀድማችሁ ብትደውሉ ኖሮ!» እያለ ስላስቸገረን ነው። ደውለናል።

ጊዜው ጥር 2015 ዓ.ም ነው። የመንፈቀ ዓመቱን ፈተና ጨርሰን፣ ሁለት ሴትና ሦስት ወንድ ሆነን፣ ገሚሱ ከቤት የተላከልንን ገሚሱ ከዶርም ጓደኛ የተበደርነውን ብር ይዘን ወደ ምሥራቅ ጎጃም ተነሳን። ያን ጊዜ መንገዱ ክፍት ነበር። በዚያው ዓመት ሐምሌ ማለቂያ ላይ በአማራ ክልል ውጊያው ተጋግሎ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ፣ ያደርንባቸውን ቤቶችና እዚያ ያገኘናቸውን ሰዎች ደጋግመን አንስተናል። ከሁሉ ይልቅ አንዲት ልጅን።

ለምን ጎጃም ያላችሁ እንደሆነ፣ ምክንያታችን ሁለት ነበር። አንደኛው ዲማ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበ፣ ወይም ወላጆቹ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው የሰሙትን እያነሱ ሲያወጉ ያደመጠ ሰው ሁሉ ዲማን ያውቃታል፤ የፊታውራሪ መሸሻ አገር፣ በዛብህ ሰብለ ወንጌልን ለማስተማር የገባበት ቤት ያለባት። በ1958 ዓ.ም የታተመ ልብ ወለድ መሆኑን፣ ቤቱም ከደራሲው አእምሮ የወጣ መሆኑን አጥተነው አይደለም። ግን ሐዲስ ዓለማየሁ ራሳቸው በልጅነታቸው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የቤተ ክህነት ትምህርት የተማሩ ሰው ናቸው። የሌለውን ደጅ ለመፈለግ ያለውን አገር መርገጥ ምን ይከፋል አልን። ሁለተኛው ምክንያት የታሪክ ተማሪያችን ነው። እሱ ከሞጣ ወርዶ ዓባይ ላይ ያለውን ሰባራ ድልድይ በዓይኑ አይቶ ለመምህሩ ወረቀት ሊጽፍ ቆርጧል።

በስልክ የተባለው እንዲህ ነበር። «ሁለት ክፍል፤ ሻወር ያለው፤ አንሶላው የታጠበ። አንዱ ሁለት መቶ ብር።» የጥር ጊዮርጊስ ዋዜማ ላይ እንደምንደርስ እናውቃለንና «የበዓል ጭማሪ የለም?» አልን። «ኧረ ምን ጭማሪ! ተማሪ አይደላችሁ?»

ደጀን ላይ የደብረ ማርቆስን መንገድ ትተን ወደ ቢቸና ስንታጠፍ ፀሐይ ልትጠልቅ ደርሳለች። አገሩ ደጋ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ሜትር ገደማ፤ በጥር ማታ ብርዱ አጥንት ይቆጥራል። ቤቱን ጠይቀን ደረስን። ከፊት ቡና ቤት፣ ከኋላ በግቢው ዙሪያ የተደረደሩ ክፍሎች፤ እንግዲህ በየወረዳው ከተማ የምናውቀው ዓይነት ነው። ባለቤቲቱ ስማችንን ስትሰማ በግንባሯ ላይ አንድ ነገር አለፈ። አንዱ ክፍል አለ፤ ሌላው ለበዓሉ ለመጡ ነጋዴዎች ተሰጥቷል። «እስኪ ቁጭ በሉ፣ ሻይ ጠጡ፣ ይገኛል።» ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ተገኘ። የምታስተናግደን ልጅ በክንዷ ጨርቅ ነገር አቅፋ ከአንድ ክፍል ወጣችና «ግቡ» አለችን። ዋጋው ለእያንዳንዱ ሦስት መቶ ሃምሳ ሆኗል። «ጊዮርጊስ ነው እኮ ልጆቼ።»

ክፍሉን በእርምጃ ለካነው፤ ሦስት በሁለት። የታሪክ ተማሪው እዚያው ቆሞ ትምህርት ጀመረ። ቢቸናና ሞጣ የአውራጃ ከተሞች በነበሩበት ጊዜ፣ በ1960 ዓ.ም፣ አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር አንቀበልም ብለው ከተነሱት የጎጃም አውራጃዎች ግንባር ቀደሞቹ ነበሩ። መንግሥት በአውሮፕላን እስከ መደብደብ ደርሷል። ገበሬውን ካስፈራው ነገር አንዱ «መሬታችን ሊለካ ነው» የሚለው ነበር። «እና እዚህ አገር እርምጃ አትቁጠሩ» አለን። ሳቅን። ሌላ የምንስቅበት ነገር ብዙም አልነበረምና።

ሻወሩ አለ፤ ብረቱ ከግድግዳው ወጥቶ ይታያል። ውሃ ከሄደ ስምንት ቀኑ ነው አለችን ልጅቱ፣ አንድ ጆግ አምጥታ እያስቀመጠች። መብራቱ መጣ ሄደ፣ መጣ ሄደ፣ ከዚያ ሄደ። ቡና ቤቱ ግን የራሱ ጄኔሬተር ኖሮት ሙዚቃው እስከ ስድስት ሰዓት ተኩል ግድግዳውን ሲያንቀጠቅጠው አመሸ። ስለ ትኋኑ ብዙ አንልም። የግቢያችንን ዶርም ያየ አንባቢ ከትኋን ጋር መተዋወቅ አያስፈልገውም። ልዩነቱ የኛዎቹ ተማሪን የለመዱ ናቸው፤ የቢቸናዎቹ እንግዳ የናፈቃቸው መሰሉን።

እስከዚህ ድረስ ያለው ተራ የርካሽ አልጋ ወሬ ነው፤ ይህን ለመጻፍ ስቴንስል አናበላሽም ነበር።

ሁለቱ ሴቶቻችን የተኙት በኋላ በተገኘው ክፍል ነው። ብርዱ ሲጠናባቸው በሩ ጀርባ ምስማር ላይ የተሰቀለ ጋቢ አገኙና የቤቱ መስሏቸው ለሁለት ተከናነቡት። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ሲሆን በሩ ቀስ ተብሎ ተንኳኳ።

«ይቅርታ እህቶቼ፤ ጋቢዬን ልውሰድ ብዬ ነው።»

«ውይ፣ ያንቺ ነው እንዴ? የቤቱ መስሎን…»

«ምን አይደል። ባይበርደኝ እተውላችሁ ነበር።»

«የት ነው የምትተኚው?»

«ማድ ቤት። ምድጃው አጠገብ ይሞቃል።»

«ግቢና ከኛ ጋር ተኚ!»

«ኧረ እትዬ ካየች ነገር ነው» ብላ ጋቢዋን ይዛ ሄደች።

ከዚያ በኋላ በስልክ መብራት ዙሪያውን ሲያዩ፣ ቀድሞ ዓይን ያልገባው ሁሉ ታያቸው። ግድግዳው ላይ የተሰካች ስባሪ መስተዋት፤ የእመቤታችን ሥዕል፤ አልጋው ሥር በገመድ የታሰረ ካርቶን፤ መስኮቱ ላይ ሦስት ደብተርና ሽፋኑ የተገነጠለ የዘጠነኛ ክፍል የባዮሎጂ መጽሐፍ። ሴቶቻችን መጥተው ቀሰቀሱን። ያን ሌሊት ከትኋኑ ይልቅ ወሬው እንቅልፍ ነሳን።

ጠዋት ባለቤቲቱ ዘንድ ቀረብን። ትኋኑንም ውሃውንም ተውነው፤ ስለ አንዱ ክፍል ብቻ ጠየቅናት። አልተቆጣችም፤ እንዲያውም ጥያቄያችን አስገረማት። «አልጋው የኔ ነው። እሷ በነፃ ነው የምትተኛው።» ልጅቱ ግን ለሴቶቻችን ሌላ ነገር ነግራቸው ነበር። ስትቀጠር «ምግብና መኝታ አለሽ» ተብሎ ነው ደሞዙ ያነሰው። ከመካከላችን አንዷ ይህን ያዘች። «መኝታው ከደሞዟ የታሰበ ከሆነ፣ ትናንት ማታ እኛ የከፈልነው ሦስት መቶ ሃምሳ ብር የማን ነው ታዲያ?» ባለቤቲቱ ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ብርጭቆዋን እያለቃለቀች፣ «ልጆቼ፣ ትምህርታችሁን እዚያው ተማሩ» አለችን።

ገንዘባችን እንዲመለስ ልንከራከር ስንል ልጅቱ በጓሮ በኩል ጠራችን። «በእናታችሁ ተዉት። እናንተ መኪና ትይዛላችሁ፤ እሷ ቀሪውን የምትነጋገረው ከኔ ጋር ነው።»

ተውነው። ግን እስከ ዲማ ድረስ ስንጨቃጨቅ ሄድን። አንዱ ለሚመለከተው ቢሮ እናመልክት ይላል፤ ሌላው ያመለከታችሁ ቀን ልጅቱ ከሥራ ትወጣለች ይላል። አንዷ ብር እናዋጣላት አለች፤ ሌላዋ ደግሞ «ብር ከሰጠናትማ አልጋዋን ከኛ ተከራየች ሊሆን ነው፤ የተወሰደባት ነገር ምጽዋት ሆኖ ይመለስላት?» ብላ ተቆጣች። አምስት ሰው አምስት ሐሳብ። ዛሬም ድረስ አልተስማማንም፤ ይህ ጽሑፍ ሲዘጋጅ እንኳ ዶርም ውስጥ እንደገና ተነስቶ ሁለታችን ለአንድ ቀን ተኳርፈናል።

ዲማ በበዓል ልብስ ነጭ ሆና ቆየችን። ስለ በዓሉ የምንለው የለም፤ ሌሎች በተሻለ ይጽፉታል። እኛን የያዘን የተማሪዎቹ ጎጆ ነው። ያን ሌሊት ያደረ ሰው ምን ያያል? መኝታ ነው የሚያየው። ከአንዱ የቆሎ ተማሪ ጋር ተቀምጠን ጎጆዋ የማን እንደሆነች ጠየቅነው። «የሠራት ሄዷል፤ አሁን የኔ ናት፤ ስሄድ ለሚመጣው ናት» አለን፤ ይህን ያህል የሚያስጠይቅ ነገር መሆኑም አልገባውም። ሲመሽ ስፋቷን አሳየን፤ ከቢቸናው ክፍል ታንሳለች፤ መኝታው መደብ ነው፣ ልብሱ ለምድ። ቁንጫውን በምናብ ተውነው። እንግዲህ ድህነትን ልናሞግስ አይደለም። በየቤቱ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ውሻ ሲያባርረው የሚውል ልጅ ኑሮው ይጣፍጣል ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ካለ፣ አንድ ሳምንት ሞክሮ ይምጣና እናትምለታለን።

ግን አንድ ነገር አሰብን። ጀርመን አገር ሪቻርድ ሺርማን የሚባል የትምህርት ቤት መምህር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1909 ተማሪዎቹን ይዞ በእግር ሲጓዝ ኃይለኛ ዝናብ ይዞት አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ጭድ ላይ አሳደራቸው። ትምህርት ቤቶች በዕረፍት ጊዜ ባዶ ሆነው ሳሉ ለምን ለሚጓዝ ወጣት ማደሪያ አይሆኑም አለ፤ በ1912 አልቴና በሚባል አሮጌ ግንብ ውስጥ የመጀመሪያው ቋሚ የወጣቶች ማደሪያ ተከፈተ። ሐሳቡ ዛሬ ዓለምን ሞልቶታል። በኛስ አገር በየከተማው በዕረፍት ጊዜ ተቆልፎ የሚከርመው ክፍል ስንት ነው? ተማሪ እዚያ ፍራሽ አንጥፎ ቢያድር ማንም ከአልጋው አይነሳም ነበር።

በማግሥቱ በደብረ ወርቅ በኩል አድርገን ሞጣ ገባን። አሁን ነቅተናል። ቁልፍ የያዘውን ልጅ መጀመሪያ የጠየቅነው ስለ ሻወር አልነበረም። «ይሄ አልጋ የማን ነው?» አልነው።

«የከፈለ ሰው ነዋ!»

ክፍሉ ንጹሕ ነው፤ ካርቶንም መስተዋትም የለበት፤ አልጋው ሥር ጎንበስ ብለን አየን። «ሙቅ ውሃ» የተባለው በማንቆርቆሪያ መጣ፤ ለአምስት ሰው አንድ ማንቆርቆሪያ። ይሁን ብለን ተኛን። አምስት ሰዓት ላይ በራችን በቁልፍ ተከፈተና አንድ ጎልማሳ ሻንጣውን ይዞ ገባ። እሱም ከፍሏል፤ ደረሰኝ አለው። ጥር ነው፤ የሰርግ ወር ነው፤ ሞጣ በሰርገኛ ሞልታለች፤ ክፍላችን ሁለት ጊዜ ተሽጧል። ልጁ ጠፋ። ጎልማሳው ጨዋ ሰው ነው፤ ሁለት ሴቶች መኖራቸውን ሲያይ «እናንተ ተኙ» ብሎ ሊወጣ ተነሳ። የት ሊያድር? ዳስ ውስጥ። እኛ ሦስታችን ወንዶች ተከትለነው ወጣን፤ ሴቶቹ ደግሞ ብቻችንን አንቀርም ብለው ተከተሉን።

ዳሱ በር ላይ «የመሸባቸው መንገደኞች ናቸው» አለልን። ማነው፣ ከየት ነው ያለን የለም። «ግቡ፣ ግቡ፤ ቆማችሁ አትቅሩ!» አሉን አንድ ሽማግሌ፤ ጠላ ተቀዳ፣ እንጀራ ቀረበ። ነፃ ነው እንዳትሉ ግን። ሒሳቡን በትከሻችን ከፍለናል። የጎጃምን እስክስታ እኛ ስንመታው ያየ ሕፃን ሁሉ እስኪያለቅስ ሳቀብን። ወደ ንጋቱ ላይ ጉዝጓዙ ላይ እንደተቀመጥን እንቅልፍ ጣለን።

ሽማግሌው የሰባራ ድልድይን ነገር የታሪክ ተማሪያችን ሲጠይቃቸው ያጫወቱት ብዙ ነው። በፋሲለደስ ዘመን በድንጋይና በኖራ የተሠራ ነው፤ በጣልያን ጊዜ አርበኞች ቅስቱን አፈረሱት። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን ሰው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ከማዶ በጉልበተኞች እየተጎተተ ክፍተቱን ይሻገር ነበር። በ1994 ዓ.ም በውጭ በጎ አድራጊዎች ተጠገነ፤ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ጎርፍ ወሰደው፤ በኋላ ተንጠልጣይ የእግር ድልድይ ተሠራ። «በገመዱ ስትሻገሩ አትፈሩም ነበር?» አላቸው። «ገመዱን የያዘውን ሰው ካወቅኸው ምን ያስፈራል?» አሉት።

ወደ ድልድዩ የሚወስደው መንገድ ረጅም ቁልቁለት ነው፤ በማለዳ መነሳት ያሻል። እኛ የነቃነው አራት ሰዓት ላይ ነው፤ ከሁለት ሌሊት እንቅልፍ ማጣት በኋላ፣ ዳሱ ሲጠረግ አቧራው አፍንጫችን ገብቶ። ለተጨማሪ ሌሊት የሚሆን ብር በኪሳችን አልነበረም፤ ካለው ላይ ሦስት መቶ ሃምሳው ቢቸና ቀርቷል። በባሕር ዳር መንገድ ተሳፍረን ተመለስን።

የታሪክ ተማሪው ወረቀቱን በዘመኑ አላስረከበም። መምህሩ ምክንያቱን ሲጠይቁት ከጋቢው ጀምሮ እስከ ዳሱ ነገራቸው። አዳምጠው ሲጨርሱ የጠየቁት ስለ ድልድዩ አልነበረም። «ልጅቷ ዘጠነኛ ክፍልን አለፈች?» አሉት። ሴቶቻችን ስልኳን ይዘው ነበርና ሰኔ ላይ ደውለን ጠየቅናት። አልፋለች።