ከልጅ ጋር ወደ አውሮፓ፦ መሄድና መቅረት አንድ አይደሉም



በወላይታ ሶዶ «ልጄን ይዤ አውሮፓ ልሄድ ነው» ያለ አባት ሁለት ዓይነት መልስ ይሰማል። አንደኛው «ማሻአላህ፣ አላህ ያሳካው» የሚል ነው። ሁለተኛው ግን ዝግ ባለ ድምፅ የሚነገር ነው፤ «ታዲያ እዚያው ትቀራለቻ?» ይላል። ጠያቂዎቹ ክፉ አስበው አይደለም። ከእኛ አካባቢና ከጎረቤቶቻችን ከሐዲያና ከከምባታ ብዙ ወጣቶች በሞያሌ በኩል ኬንያን አቋርጠው ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲሄዱ ኖረዋል። የብዙዎቹ ወላጆች ዛሬም ስልክ ይጠብቃሉ። በዚህ የተነሣ በአፋችን መሄድና መቅረት አንድ ቃል ሊሆኑ ምንም አልቀራቸው። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ሁለቱ የተለያዩ መሆናቸውን ለአሥራዎቹ ዕድሜ ልጅ እንዴት ማስጨበጥ እንደሚቻል ያሰብኩትን ለማካፈል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እህቴ ጀርመን አገር ፍራንክፈርት ከተማ ትኖራለች። እኔንና የ16 ዓመት የመጀመሪያ ልጄን ለመጪው ኅዳር አጋማሽ ለሁለት ሳምንት ጋብዛናለች። ጊዜው በእነርሱ ዘንድ የበልግ ማብቂያ፣ የክረምት ዋዜማ ነው። የአውሮፕላን ቲኬት ከበጋው ወራት ይልቅ ይረክሳል፤ የእህቴም የሥራ ፈቃድ በዚያን ጊዜ ነው። ልጄ ደግሞ 10ኛ ክፍል በመሆኗ ከ12ኛ ክፍል ፈተና በፊት ያላት ፋታ አሁን ነው። ባለቤቴ ከትንንሾቹ ጋር እቤት ትቆያለች።

ዕቅዱን ብቻዬን ጨርሼ «ተነሺ እንሂድ» ማለት ይቻለኝ ነበር። ነገር ግን ነቢዩላህ ኢብራሂም (ዐ.ሰ.) በልጃቸው ጉዳይ ከአላህ ትእዛዝ በመጣላቸው ጊዜ እንኳ ነገሩን ለልጃቸው ገልጸው ሐሳቡን ጠይቀውታል። በትእዛዙ ላይ ምርጫ ሳይኖር ምክክር ከተደረገ፣ ለሁለት ሳምንት ጉዞማ እንዴት አይደረግ? ስለዚህ ለልጄ አንድ ደብተር ሰጠኋትና «የወረቀቱን፣ የሶላቱንና የምግቡን ነገር አንቺ አጣሪ፤ ያጣራሽውን እኔ አያለሁ፤ ከዚያ አብረን እንወስናለን» አልኳት።

ወረቀቱን አስቀደመች። የሸንገን ቪዛ 29 አገሮችን የሚያዳርስ ሲሆን ማመልከቻው ብዙ ቀን ለሚቆዩበት አገር ኤምባሲ ይቀርባል። ክፍያው ከሰኔ 2016 ወዲህ 90 ዩሮ ነው። ከ12 ዓመት በላይ የሆነ ልጅ እንደ አዋቂ ይከፍላል፤ ቪዛው ቢከለከልም ገንዘቡ አይመለስም። ከሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ለውጥ በኋላ 90 ዩሮ በብር ስንት እንደሚሆን ያሰላችው እርሷ ናት፤ አስልታም ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የሕክምና ዋስትናም ያስፈልጋል። ከዚህ ሌላ የአውሮፓ ኅብረት በሚያዝያ 2016 በኢትዮጵያውያን ላይ ቪዛ የሚያጠብቅ ውሳኔ አሳልፏል። በውሳኔው መሠረት መልስ የሚሰጥበት ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ከፍ ብሏል፤ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም ቀርቷል። ልጄ ይህን እንዳነበበች ሎንዶንን ከዝርዝሯ ሰረዘች። እንግሊዝ ከሸንገን ውጭ በመሆኗ የራሷን ቪዛ ትጠይቃለች፤ አንድ ጊዜ ብቻ በሚያስገባ ቪዛ ደግሞ ከሸንገን ከወጡ መመለሻ የለም። ማመልከቻችንን የጊፋታ ሰሞን፣ መስከረም ሳይወጣ ለማስገባት ወሰንን።

ቀጥሎ የሶላት ነገር መጣ። ሶዶ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ ቀናችን ዓመቱን ሙሉ ወደ 12 ሰዓት ይጠጋል። በፍራንክፈርት ግን በኅዳር አጋማሽ ፀሐይ የምትወጣው ወደ ጠዋቱ 2 ሰዓት ሲጠጋ ነው፤ የምትጠልቀውም በ10 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ዙህር ከገባበት እስከ መግሪብ ያለው ጊዜ አምስት ሰዓት አይሞላም። ከተማ ሲያዩ የሚውሉ ሰዎች ሳያስቡት ዐስር ሊያመልጣቸው ይችላል። ስለዚህ የየቀኑን ፕሮግራም በሶላት ወቅት ዙሪያ ሠራነው። መንገደኛ ባለ አራት ረከዐ ሶላቶችን አሳጥሮ ሁለት ሁለት መስገድ እንደሚችል ልጄ ታውቅ ነበር። ያላወቀችው በአንድ ከተማ ስንት ቀን ሲቆዩ መንገደኛነቱ እንደሚያበቃ ነው። ኡስታዟን ጠይቃ በሻፊዒ መዝሀብ ከመግቢያና ከመውጫ ቀን ሌላ አራት ቀን ለመቆየት ካሰቡ፣ በሐነፊ ደግሞ አሥራ አምስት ቀን መሆኑን ጽፋ መጣች። ፍራንክፈርት ዘጠኝ ቀን ስለምንቆይ እኛ ሻፊዒዎቹ እዚያ ሙሉውን እንሰግዳለን። በኹፍ ላይ ማበስ ለመንገደኛ ሦስት ቀን ከነሌሊቱ፣ ለነዋሪ አንድ ቀን ከነሌሊቱ መሆኑንም ጨመረች። የዳሞታን የማለዳ ብርድ ለምታውቅ ልጅ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ቂብላችንም ይለወጣል። ከሶዶ ወደ ሰሜን የምንዞረው ሰዎች ከፍራንክፈርት ወደ ደቡብ ምሥራቅ እንዞራለን።

በምግብ በኩል የመጀመሪያዋን መርዶ የሰማችው አክስቷ ናት። እህቴ ከሁሉ በፊት ያዘዘችው የወላይታ ቅቤ ነበር። ይሁን እንጂ መንገደኛ ከእኛ አገር ሥጋና ወተት፣ የእነርሱንም ውጤቶች ይዞ ወደ አውሮፓ ኅብረት መግባት አይፈቀድለትም። ቅቤውም፣ አይቡም፣ ቋንጣውም ይቀራል። ልጄ ጀርመኖች አሳማን «ሽዋይን»፣ ስፔኖች «ሴርዶ» እንደሚሉት መዝግባለች፤ ብዙ ጣፋጭ ከረሜላ ከአሳማ በሚወጣ ጀላቲን እንደሚሠራም ጽፋለች። በዚህ ጉዳይ ግን ብዙም አልሰጋሁም። በሶዶ ሙስሊሞች ጥቂቶች ነን። ክርስቲያን ጎረቤት ሲደግስ ለእኛ ለብቻ ይታረዳል፤ ካልሆነም ሥጋ የሌለበት ይቀርብልናል። «ይህን አልበላም» ማለትን ሳያስቀይሙ መናገር ልጄ ከሕፃንነቷ የተማረችው ነገር ነው። ጓደኞቿ «አውሮፓ ሒጃብ ክልክል ነው» ብለዋት ነበር። አጣርታ ስታየው እንደ ፈረንሳይ ባሉ አገሮች በአደባባይ የተከለከለው ፊትን መሸፈን ነው፤ ፀጉርን መሸፈን አይደለም። ለቪዛው ፎቶግራፍም ፊት ከአገጭ እስከ ግንባር ከታየ ሒጃብ ይፈቀዳል።

ለቀሩት ቀናት እርሷ ፓሪስን፣ እኔ ኮርዶባን ስንል ቆይተን ግራናዳ ላይ ተስማማን። በኅዳር ሰው ይቀንሳል፤ ፀሐይም እዚያ እስከ 12 ሰዓት ገደማ ትቆያለች። ወደ አልሐምራ ቤተ መንግሥት መግቢያው ቲኬት በስምና በፓስፖርት የሚቆረጥ ሲሆን የናስሪዶች ቤተ መንግሥት የሚገባበት ሰዓትም ቲኬቱ ላይ ይወሰናል። ከተማዋ በ1492 (እ.ኤ.አ.) ከሙስሊሞች እጅ ወጥታለች። በ2003 (እ.ኤ.አ.) ግን ከአልሐምራ ፊት ለፊት በአልባይሲን ኮረብታ ላይ አዲስ መስጊድ ተከፍቷል። ዐብዱረሕማን ቀዳማዊ በ785 (እ.ኤ.አ.) ግድም ያስጀመሩት የኮርዶባ መስጊድ ደግሞ ከ1236 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ሙስሊም እዚያ እንዲሰግድ አይፈቀድም። ልጄ «ታዲያ ሄደን ማየት ብቻ?» ብላ ተቆጣች። አዲሱ መስጊድ ግን ሰጋጅ ይቀበላል፤ ዕቅዱን ወደ ግራናዳ ያዞረውም ይኸው ነው።

ከሁሉ የከበደው የእናቷ ፊርማ ነው። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ከአንድ ወላጅ ጋር ሲሄድ የሌላኛው ወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ ይጠየቃል። ባለቤቴ ወረቀቱን ተቀብላ ሳትፈርም ቀናት አለፉ። በመጨረሻ «ኤምባሲው የእኔን ፊርማ አይቶ ያምናል፤ እኔስ ምን አይቼ ልመን?» አለች። ልብ በሉ፤ ቪዛ ሰጪው የሚጠይቀውም ይህንኑ ነው፤ ትመለሳላችሁ ወይ? ለእርሱ መልሱ የትምህርት ቤት ደብዳቤ፣ የንግድ ፈቃድና የባንክ ወረቀት ነው። እናት ግን በባንክ ወረቀት አትረጋጋም።

ለልጄ እንዲህ አልኳት። «ቪዛ የገባነው ቃል ነው። በሰው አገር ስንገባ በዚህ ቀን እንወጣለን ብለን ፈርመን ነው፤ ዑለማእ እንዲህ ያለውን ቃል መጠበቅ ግዴታ ነው ይላሉ፤ የተፈረመለት ሰው ሙስሊም ሆነም አልሆነም።» ትንሽ አሰበችና «አባዬ፣ አገሩን ብወደውስ? ወደድኩት ማለትም አይቻልም?» አለችኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ከሁሉም ጥያቄ የፈራሁት ይህን ነበር። «ይቻላል፤ ወደድኩት በዪኝ። ከወደድሽው ተመልሰሽ ትማሪያለሽ፤ ውጤትሽን ይዘሽ በፊት ለፊት በር ታመለክቻለሽ፤ እኔም እደግፍሻለሁ። በጓሮ በር ግን የለም» አልኳት።

በማግስቱ ደብተሯ መጨረሻ ገጽ ላይ ለእናቷ የምትመለስበትን ምክንያት ጽፋ ሰጠቻት። ፈተናዋ፣ ቅዳሜና እሑድ ቁርኣን የምታስቀራቸው ታናናሾቿ፣ የአያቷ ጉልበት ሕመም፣ «ቃሌም» የሚል አንድ ቃል። እናቷ አንብባ ፈረመች። እስክሪብቶውን ስትመልስልኝ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ወላጆች ሆይ! ልጃችሁ የሚሄደው አውሮፓም ይሁን አዲስ አበባ፣ ወይም ዩኒቨርሲቲ፣ ጉዳዩ አንድ ነው። የማናማክረው ልጅ ሐሳቡን ለእኛ ሳይሆን ለደላላ ይነግራል። የልቡን ለወላጁ መናገር የለመደ ልጅ ግን ርቆም ይናገራል። ቪዛው ቢከለከል እንኳ ወጪው ይቆጨን ይሆናል፤ በዚያ ደብተር ላይ አብረን ያሳለፍናቸው ምሽቶች ግን ትርፍ ናቸው።

አላህ (ሱ.ወ.) ልጆቻችንን በሄዱበት ሁሉ ይጠብቅልን፤ ቃላቸውን የሚያከብሩ ያድርግልን፤ መንገደኞቻችንንም በሰላም ወደየቤታቸው ይመልስልን። አሚን።