በቀንዲሉ ላይ የማን ስም ተጻፈ?

  

ብርጭቆን ሁለት ቦታ ተምሬዋለሁ። መጀመሪያ መድረሳ ውስጥ፣ አላህ (ሱ.ወ) የብርሃኑን ምሳሌ ባመጣበት የሱረቱ ኑር 35ኛ አንቀጽ ላይ። እዚያ መብራት አለ፤ መብራቱም በብርጭቆ ውስጥ ነው። ሸይኻችን «ዙጃጃ» የሚለውን ቃል ሲተረጉሙልን እኛ ልጆቹ የምናውቀው ማታ ማታ ጥላሸቱን የምንጠርግለትን የፋኖስ ብርጭቆ ነበር። ሁለተኛው እዚሁ ግቢ፣ በማቴሪያል ሳይንስ ትምህርት ነው። አሸዋ ብቻውን ለመቅለጥ ወደ 1700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት እንደሚፈልግ፣ ሶዳ ሲጨመርበት ከዚያ ባነሰ ሙቀት እንደሚቀልጥ፣ ኖራ ደግሞ ውሃ እንዳያሟሟው እንደሚያጸናው ተማርን። ሁለቱ ትምህርቶች የተገናኙልኝ ስለ ጥንት የመስጂድ ቀንዲሎች ማንበብ ስጀምር ነው። ካነበብኩት ውስጥ ለኛ ይጠቅማል ያልኩትን ላካፍላችሁ።

ቀንዲሎቹ በ13ኛውና በ14ኛው ክፍለ ዘመን (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ ናቸው) በመምሉኮች ዘመን በግብጽና በሶሪያ የተሠሩ ናቸው። ብርጭቆው ተነፍቶ ቅርጽ ከያዘ በኋላ በወርቅና በባለቀለም ኢናሜል ይጻፍበትና እንደገና እሳት ይገባል። በብዙዎቹ አንገት ላይ የተጻፈው ያው የኑር አንቀጽ ነው። ውስጡ ያለው መብራት ሲለኮስ አንቀጹ ራሱ ይበራል። ሱብሓነላህ! ሆዱ ላይ ደግሞ ያሠራው ሱልጣን ወይም አሚር ስም ከነማዕረጉ ይነበባል። ግንባታው በ1356 ለተጀመረው ለካይሮው የሱልጣን ሐሰን መስጂድና መድረሳ ከተሠሩት ብዙዎቹ ዛሬ እዚያው ከተማ፣ በእስላማዊ ጥበብ ሙዚየም ይገኛሉ። ሱልጣኑን እናውቀዋለን። እሳት ፊት ቆሞ ትንፋሹን የሰጠውን ሰው ግን፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ስሙን አናውቅም።

በ1401 ቲሙር ደማስቆን ሲይዝ የእጅ ባለሙያዎቿን ወደ ሰመርቀንድ ወሰደ። በዚያው ክፍለ ዘመን ሥራው በካይሮም በደማስቆም እየከሰመ ሄደ። በ1569 የዑስማኒያው ታላቅ ቬዚር ሶኮሉ መሕመድ ፓሻ የመስጂድ ቀንዲል ሲያስፈልገው 900 ቀንዲሎችን ያዘዘው ከቬኒስ ነው። ገንዘቡም መስጂዱም ነበር፤ ያጣነው እጁን ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ፈረንሳዊው ፊሊፕ ጆሴፍ ብሮካር የመምሉክ ቀንዲሎችን አጥንቶ፣ አሠራሩን በራሱ ጥረት መልሶ አግኝቶ፣ በ1867 በፓሪሱ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ አቀረበ። ብሮካር በሥራዎቹ ላይ ስሙን ይፈርም ነበር። ሰውየው ለፍቷልና አልወቅሰውም። ነገር ግን አስቡት፦ ያሠራው ሱልጣን ስሙ አለ፤ የኮረጀው ፈረንሳዊ ስሙ አለ፤ መጀመሪያ የሠራው ኡስታ ስም የለውም።

ዛሬ ይህ ጥያቄ በአዲስ መልክ መጥቷል። በፍልስጤሟ ኸሊል ከተማ ብርጭቆ መንፋት ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ የቤተሰብ ሙያ ነው። ድሮ አሸዋው ከበኒ ነዒም መንደር፣ ሶዳው ከሙት ባሕር ይመጣ ነበር፤ አሁን አብዛኛው የሚሠራው ያገለገለ ጠርሙስ ሰባብሮ በማቅለጥ ነው። በኢየሩሳሌም አቅራቢያ ባለችው ጀበዕ መንደርም የሙያው ሰዎች አሉ። ፍልስጤማዊቷ አርክቴክት ዲማ ስሩጂ «ሆሎው ፎርምስ» በተባለው ሥራዋ ከነዚህ ነፊዎች ጋር አዳዲስ ቅርጾችን ታወጣለች። ከአገራቸው ተቆፍረው ወጥተው በውጭ ሙዚየሞች የተቀመጡ ጥንታዊ ዕቃዎችንም አምሳያቸውን አብረው ሠርተዋል። የነፊዎቹንም ቤተሰብ በስም ትጠቅሳለች። በ2019 ያረፈችው ኢራናዊቷ ሠዓሊ ሙኒር ፋርማንፋርማያንም በመስታወት ስብርባሪ የሠራቻቸው ሥራዎች በትላልቅ ሙዚየሞች ሲታዩ፣ አብሯት የሠራው የሐጂ ኡስታድ ሙሐመድ ናቪድ ስም አብሮ ይነሳል።

አንድ ሰው «ሐሳቡ የዲዛይነሩ ነው፣ ሌላው ቀጥቶ የሠራ ሠራተኛ ነው፤ ስሙ ምን ያደርጋል?» ሊል ይችላል። መልሱን ከራሱ ከብርጭቆው እንውሰድ። ከእሳት የወጣ ብርጭቆ በድንገት ከቀዘቀዘ ውጩ ቀድሞ ይጠነክራል፤ ውስጡ ገና ትኩስ ነው። በኋላ ውስጡ ሊኮማተር ሲል ውጩ አይለቀውም። ይህ ውጥረት ተደብቆ ይቆይና ምናልባት ከቀናት በኋላ፣ ማንም ሳይነካው፣ ዕቃው ይሰነጠቃል። ስለዚህ በሌላ ምድጃ ውስጥ ቀስ እያለ መቀዝቀዝ አለበት። ወፍራምና ቀጭን ጎን ለጎን ሲሆኑ አደጋው ይብሳል። ኮምፒውተር ላይ የሚስል ሰው ሁለቱን በአንድ መስመር ያገናኛቸዋል፤ ስክሪን አይሰነጠቅም። «ይህ አይዝም፣ እዚህ ጋ ይወፍር» የሚለው ነፊው ነው። ያን ጊዜ ንድፉ ይለወጣል። ከእሳቱ ደርሶ የተመለሰ ንድፍ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። አባቴ ብረት ቀጥቃጭ ነው፤ ማረሻና ማጭድ ይሠራል። ቴርሞሜትር የለውም። የብረቱን መልክ አይቶ መዶሻው መቼ እንደሚያርፍ፣ ውሃ ውስጥ መቼ እንደሚነከር ያውቃል። እዚህ ግቢ የብረት ሙቀትና ቀለም ሰንጠረዥ ሲሰጠን እኔ ወናፍ ስነፋ አይቼው ያደግኩት ነገር ነው። ግን በሀገራችን ሸማኔው፣ ፋቂው፣ ሸክላ ሠሪዋና ቀጥቃጩ እንዴት እንደሚታዩ ታውቃላችሁ። ማረሻውን ወስዶ የሚያርስበት ሰው ከቀጥቃጩ ጋር መጋባት አይፈልግም። በልጅነቴ «የቀጥቃጭ ልጅ» መባል ስድብ ነበር። ከተሳዳቢዎቹ ጋር በአንድ ሐለቃ ተቀምጠን ስንቀራ ሸይኻችን የነቢዩላህ ዳውድን (ዐ.ሰ) ታሪክ አመጡ፤ አላህ ብረትን እንዳለዘበላቸው፣ ጥሩር መሥራትን እንዳስተማራቸው፣ የጥሩሩንም ቀለበቶች እንዲመጥኑ እንዳዘዛቸው። ቀጥለውም ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሰው ከእጁ ሥራ ከሚበላው የተሻለ ምግብ እንደሌለና ዳውድም ከእጃቸው ሥራ ይበሉ እንደነበር መናገራቸውን ነገሩን። ስድቡ ወዲያው አልቆመም። እኔ ግን ከዚያ ወዲያ የአባቴን ሥራ ደብቄ አላውቅም።

አንዳንድ ወንድሞች ስም መፈለግ ከሪያእ ይቆጠራል ይሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ምናልባት ከነዚያ ቀንዲል ሠሪዎች መካከል ለአላህ ብሎ ስሙን የተወ ይኖራል፤ አጅሩም አላህ ዘንድ ነው። ነገር ግን ስሙን መተው የእርሱ ኢኽላስ ነው፤ የእርሱን ስም መሰረዝ የእኛ ኢኽላስ ሊሆን አይችልም። ሰዎችን ያላመሰገነ አላህን እንዳላመሰገነ በሐዲስ ተምረናል። ሠራተኛ ቀጥሮ ሥራውን ሙሉ በሙሉ ከወሰደ በኋላ ደመወዙን የነፈገ ሰው ደግሞ በቂያማ ቀን ተሟጋቹ አላህ ራሱ መሆኑን በሐዲሰል ቁድሲ ሰምተናል። የገንዘቡ ሐቅ ይቀድማል፤ የምስጋናው ሐቅ ይከተላል።

ይህ ሩቅ የካይሮና የፍልስጤም ወሬ አይደለም። በየዓመቱ የምህንድስና ተመራቂዎች የሚያቀርቧቸው ማሽኖች ሲታዩ፣ ብየዳውን የበየደው፣ ልኩ እንደማይሠራ ነግሮ ያስተካከለው የጋራዡ ባለሙያ ሪፖርቱ ውስጥ አይገኝም። አርክቴክቸር የምትማሩ የሸማኔና የስፌት ጥለት ትወስዳላችሁ፤ ቢዝነስ የምትማሩ የሐረር ሞሰቦችንና የወሎ ጋቢዎችን በኦንላይን ለመሸጥ ታቅዳላችሁ። ማሻአላህ፣ ሥሩ፤ ሙያው የሚተርፈው አዲስ ሥራ ሲመጣለት ነው። ግን ዋጋውን ከባለሙያው ጋር ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ፤ «አይሆንም» ሲላችሁ ስሙት፤ ከፈቀደ ስሙን ከስማችሁ ጎን ጻፉ። የኛ ቡድን ዘንድሮ በሪፖርቱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የብየዳውን ባለሙያ ስም ከአምስታችን ስም ቀጥሎ ለማስፈር ተስማምቷል፤ እርሱም ፈቅዷል።

አላህ በእጃቸው ለፍተው የሚበሉትን ሪዝቃቸውን ያስፋላቸው። የተማርነውንም የሰው ሐቅ የምንጠብቅበት ያድርግልን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም።