ቤቱን ሸጬ፣ ወረቀቱንም ልሸጠው ነበር

ኢስሊ ሱቅ ከመክፈቴ በፊት የምኖረው ዳላስ አጠገብ ጋርላንድ ነበር። ወደ ናይሮቢ ስመጣ ትንሿን ኮንዶዬን ለአንድ ታክሲ ነጂ ወገኔ ሸጥኩለት። ገቢው ወር ከወር ስለሚለያይ ባንክ አላበደረውም። ስለዚህ ቅድሚያ ከፍሎ፣ ቀሪውን በየወሩ ከነወለዱ ለእኔ ሊከፍል ተስማማን። የተስፋ ሰነድ ፈረመ፤ ቤቱም በመያዣነት ተመዘገበ። ባንኩ እኔ ሆንኩ ማለት ነው።

ባለፈው ዓመት የመለዋወጫ ኮንቴይነሬ ሞምባሳ ወደብ ላይ ቆመ። ለቀረጥ ያሰብኩት ገንዘብ በዱቤ ደንበኞቼ እጅ ነበር። ትራንዚተሩ በየቀኑ እየደወለ የወደቡን ኪራይ ይቆጥርልኛል። 25,000 ዶላር ቸገረኝ።

ታክሲ ነጂው ላይ የቀረኝ 60,000 ዶላር ነው፤ በ8 በመቶ ወለድ፣ በወር 728 ዶላር፣ ለ10 ዓመት። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰነድ በጥሬ ገንዘብ የሚገዙ ድርጅቶች አሉ። ለአንዱ ደወልኩ፤ 50,700 አለኝ።

ዕቁብ የገባ ሰው ነገሩ አይጠፋውም። ዕጣ የወጣለት ተራውን ለቸገረው ሲለቅለት፣ የቸገረው ከብሩ ላይ ይቆርጥለታል። ይህም ያው ነው። ገዢው በገንዘቡ 12 በመቶ ማትረፍ ይፈልጋል፤ ሰነዱ የሚያስገኘው 8 ነው። ልዩነቱ የሚወጣው ከእኔ ኪስ ነው፤ ከ9,000 ዶላር በላይ።

ልፈርም ስል ዳላስ ያለው ወንድሜ፣ «የቸገረሽ 25 ሺህ፤ 60ውን ምን አሸጠሽ?» አለኝ። ለካ ከፍሎ መሸጥም ይቻላል! የሚቀጥሉትን 42 ወሮች ክፍያ ብቻ ብሸጥ 24,860 ዶላር አገኛለሁ። ከዚያ በኋላ ያሉት 78 ወሮች ወደ እኔ ይመለሳሉ። በዛሬ ዋጋ የማጣው 1,700 ዶላር ገደማ ነው።

አንድ ነገር ግን ያዘኝ። ድርጅቱ የእስካሁኑን አከፋፈል በማስረጃ አሳዪ አለኝ። የመጀመሪያውን ዓመት ደግሞ እሱም እኔም ሐበሻ ነን ብለን ያለ ደረሰኝ፣ በእጅ ነበር የምቀበለው። ማስረጃ ከሌለ ዋጋው ይወርዳል። ደወልኩለት። ዝም ብሎ አዳመጠኝና፣ «እህቴ፣ እኔን ልትሸጪኝ ነው?» አለኝ።

አፈርኩ። አስቀድሜ ልነግረው ይገባኝ ነበር። ወለዱም፣ ወርሃዊ ክፍያውም፣ ዘመኑም እንደማይነካ፣ የሚለወጠው ገንዘቡን የሚልክበት ቦታ ብቻ እንደሆነ አስረዳሁት። በማግስቱ በየወሩ ከባንክ ያወጣበትን ዝርዝር ላከልኝ። ከሥሩም እኔው «ደርሶኛል፣ ተባረክ» ብዬ የጻፍኩለትን መልእክቶች አያይዟል። እኔ ያጠፋኋቸውን እሱ አንድ በአንድ አስቀምጧቸዋል።

ውሉን ጠበቃ አነበበልኝ። በ42ቱ ወሮች ውስጥ ሰውየው መክፈል ቢያቆም ተጠያቂዋ እኔ ነኝ የሚል አንቀጽ አለበት። ሰውየውን ስለማውቀው ፈረምኩ። የማታውቁት ሰው ከሆነ ግን እዚያ አንቀጽ ላይ ቆም በሉ።

ኮንቴይነሩ ወጣ። እስካሁን ከ42ቱ 11ዱ ተከፍሏል። ዛሬም ወር በገባ ቁጥር «የዚህን ወር ልኬአለሁ» ብሎ ይጽፍልኛል። ደርሶኛል ማለት የእኔ አይደለም፤ ተባረክ ግን እለዋለሁ።