ከዳቦ ቤት የተማርኩት ዐረብኛ



ዐረብኛ አውቃለሁ ብዬ በልቤ የኮራሁባቸው ዓመታት ነበሩ። በወሎ ከሸይኽ ወደ ሸይኽ እየተዘዋወርኩ ብዙ ዓመት ቀርቻለሁ። አጅሩሚያን ጨርሼ የኢብን ማሊክን አልፊያ ይዣለሁ። የትኛው ቃል መርፉዕ፣ የትኛው መንሱብ እንደሚሆን ሌሊት ከእንቅልፌ ቢቀሰቅሱኝ እንኳ ሳልሳሳት እናገር ነበር። ይህ ኩራቴ የተሰበረው ግን በዑለማዎች ፊት ሳይሆን በአንድ ዳቦ ጋጋሪ ፊት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1995 ዓ.ም. ሕፃናት ለማስቀራት መተማ ዮሐንስ ገባሁ። መተማ ቆላ ናት፤ ሙቀቷ ለደጋ ሰው ይከብዳል። ሰሊጥና ማሽላ የሚበቅልባት፣ ለአረምና ለአጨዳ “ሳሉግ” የሚባለው የቀን ሠራተኛ ከየአገሩ የሚጎርፍባት ናት። ትንሿን ድልድይ ከተሻገሩ ደግሞ ገላባት ነው፤ ሱዳን። አንድ ቀን የልጆቹ ወላጆች ያዋጡት ገንዘብ በእጄ ተሰጠኝና ለደረሳዎቹ ከማዶ ዳቦ እንድገዛ ተላክሁ። “ዐረብኛ የሚያውቀው ኡስታዝ ይሂድ” ነበር የተባለው።

ከፉርኑ ደጃፍ ቆሜ ድምፄን ከፍ አድርጌ “ኡሪዱ ኹብዘን” አልኩ፤ ተንዊኑን እንኳ አልዘነጋሁም። ወረፋ የያዙት ሁሉ ዞረው አዩኝ። ጋጋሪው ፈገግ ብሎ “ዳይር ዔሽ?” አለኝ። የቀራሁት ኪታብ ሁሉ አልደረሰልኝም፤ ዝም ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። ቀጥሎ “ኪስ?” ሲለኝ ገንዘብ የጠየቀኝ መስሎኝ ኪሴን ዳበስሁ። እሱ ግን ዳቦውን የምይዝበት ከረጢት እፈልግ እንደሆነ መጠየቁ ነበር። ዋጋውን ስጠይቀው “አልፍ” አለኝ። አንድ ሺህ! የአንድ ሺህ ዲናር ኖት አውጥቼ ሰጠሁትና ዳቦውን ታቅፌ፣ እፍረቴን ተሸክሜ ወጣሁ።

ጥቂት እንደሄድኩ ከኋላዬ “ያ መውላና! አልባጊ! አልባጊ!” የሚል ጩኸት ሰማሁ። ልቤ ደነገጠ። በቀራነው ፊቅህ ውስጥ “ባጊ” የሚመስለው ቃል ወሰን አላፊ፣ ዐመፀኛ ማለት ነውና “ምን በደልኩ?” እያልኩ እርምጃዬን አፈጠንኩ። አንድ ልጅ ሮጦ ደረሰብኝ። እያለከለከ ዘጠኝ መቶ ዲናር ቆጥሮ አስጨበጠኝ።

ለካስ ሱዳኖች ሲነጋገሩ “ቃፍ”ን እንደ “ገ” አድርገው ነው የሚያወጡት። ሰውየው የጮኸው “አልባቂ” ብሎ ነበር፤ “መልስህን ውሰድ” ማለቱ ነው። የገንዘቡም ነገር እንዲሁ ነበር። ያን ጊዜ ሱዳን የምትገበያየው በዲናር ሲሆን አንዱ ዲናር በአሮጌው ገንዘብ አስር ፓውንድ ነበር። ሕዝቡ ግን ኖቱን በዲናር ይዞ በአፉ የሚቆጥረው በፓውንድ ነው። “አልፍ” ያለኝ አንድ ሺህ ፓውንድ፣ ማለትም አንድ መቶ ዲናር ማለቱ ነበር።

ወገኖቼ፣ ያ ሰው ዝም ቢል ከአላህ (ሱ.ወ) በቀር ማን ያውቅበት ነበር? እኔ እንደሆነ አላወቅሁም። የደረሳዎቹን የወር ወጪ ገሚስ በአንድ ቀን ዳቦ ላይ ጥዬ፣ በዚያ ላይ ተሰደብኩ ብዬ ቂም ይዤ እቀር ነበር። በሚዛንና በስፍር ስለሚያጎድሉ ሰዎች የወረደውን ሱረቱል ሙጠፊፊንን ለስንት ልጅ አስቀርቻለሁ፤ ተቃራኒውን በዓይኔ ያየሁት ግን በዚያ ፉርን ደጃፍ ነው።

ከዚያ ወዲህ ኩራቴን አስቀምጬ ከነጋዴና ከሾፌር እየጠየቅሁ የዳቦ ቤቱን ዐረብኛ ተማርኩ። ለሚጠቅመው ሰው እነሆ።

መጀመሪያ ሰላምታ ነው። “አሰላሙ ዐለይኩም” ሳይሉ ወደ ዋጋ መሄድ ነውር ነው። ከሰላምታው ቀጥሎ “ተማም?” ይባላል፤ “ደህና?” ማለት ነው። ዳቦ መኖሩን ለመጠየቅ “ዔሽ ፊ?” እንላለን። ካለ “ፊ”፣ ከሌለ “ማ ፊ” ይሉናል። እፈልጋለሁ ለማለት ወንዱ “ዳይር”፣ ሴቷ “ዳይራ” ትላለች። “አዲኒ ዐሸራ” አስር ስጠኝ ማለት ነው። “ሱኹን” ትኩስ ነው። “ቢካም?” ስንት ነው? “ፈካ” ዝርዝር ገንዘብ፣ “አልባጊ” መልስ ነው። ሲጨርሱ “አላህ ይባርክ ፊክ” ብሎ መርቆ መውጣት ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፤ በእህል ገበያ “ዔሽ” ካሉ የሚሰፈርልዎት ማሽላ ነው።

ይህ “ዔሽ” የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ አሳስቦኛል። ሥሩ ዐይን፣ ያ እና ሺን ነው፤ መኖር፣ ሕይወት ማለት ነው። ሱዳኖችም ግብፆችም ዳቦን “ሕይወት” ብለው ይጠሩታል። እኛስ? “እንጀራ ፍለጋ ወጣ”፣ “እንጀራ ወጣለት” ስንል የምግቡን ነገር ብቻ ነውን? ኑሮን ማለታችን ነው እንጂ። በድልድዩ ግራና ቀኝ ያለው ሕዝብ በሁለት ቋንቋ አንድ ነገር ይናገራል።

ይሁን እንጂ ጥፋቴን ልናዘዝ። ይህን ሁሉ ለራሴ አውቄ ለተማሪዎቼ አላስተማርኩም። “የገበያ ቋንቋ ነው፤ የቁርኣኑን ዐረብኛ ያበላሽባቸዋል” እል ነበር።

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ተነሣና በዚያችው ድልድይ ሕዝቡ ወደ እኛ ይሻገር ጀመር። በእነዚያ ሳምንታት አንድ ማለዳ መተማ ውስጥ ዳቦ ልገዛ ሄድኩ። ከፊቴ አቧራ የለበሰ ቶብ የተከናነቡ አንዲት የሱዳን እናት ቆመዋል። “ዔሽ? ዔሽ?” ይላሉ። ከደጋ የመጣው ዳቦ ሻጭ ወጣት “እሺ” የሚሉት መስሎት “እሺ፣ እሺ እናቴ” እያለ ይጠብቃል። እሳቸው “ዔሽ”፣ እሱ “እሺ”፤ ወረፋው ሁሉ ሳቀ። ሴትየዋ ግን አልሳቁም። መሐረባቸውን ፈተው ያላቸውን ገንዘብ በሙሉ በመዳፋቸው ዘረጉና “የሚበቃህን ውሰድ” በሚል ዓይን አዩት።

ከጎናቸው የቆመው ልጅ የእኔ ተማሪ ነበር። ጁዝ ዐመን በሚያምር ድምፅ በቃሉ የሚያነበው ልጅ ቃል አጥቶ መሬት መሬት ያያል። ወላሂ፣ በዚያች ሰዓት ያፈርኩት በእሱ አይደለም፤ በራሴ ነው።

ጠጋ ብዬ “ተማም፣ ያ ሐጃ? ከም ዔሽ?” አልኳቸው። ፊታቸው ተፈታ። ስንት ዳቦ እንደሚፈልጉ ነገሩኝ፤ ለወጣቱ በአማርኛ ነገርኩት። እሱም የዕለቱን ምንዛሪ ጠይቆ ከመዳፋቸው ላይ የዳቦውን ዋጋ ብቻ አነሣና የቀረውን መልሶ እጃቸውን አስጨበጣቸው። እኔም “አልባጊ” አልኳቸው። ያቺን ቃል ከሃያ ዓመት በኋላ ወደመጣችበት መለስኳት።

አሁን ሐሙስ ሐሙስ ትምህርቱ ሲያበቃ ልጆቹን ሻጭና ገዢ አድርጌ አለማምዳቸዋለሁ። አልፊያው እንዳለ ነው፤ የሚያስፈልጉት ግን ሁለቱም ናቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲሸጥም ሲገዛም ገር ለሆነ ሰው የአላህን እዝነት ለምነውለታል። የጎረቤትን ቋንቋ የማያውቅ ሰው ገር ልሁን ቢል እንኳ በምን ይሆናል? እናንተም ወላጆች፣ ልጆቻችሁ ከየትኛውም ጎረቤት ሕዝብ ቋንቋ ቢያንስ ሰላምታን፣ “ስንት ነው?”ን እና “መልስዎን ይውሰዱ”ን ይወቁ። ከሦስቱም ሦስተኛዋን አደራ።