ጋቢ ለብሰን በኖርዌይ ፊዮርዶች

ፎቶዎቹን ከለጠፍኩ ወዲህ ስልኬ አላረፈም። "አራት አሮጊቶች በዚያ ብርድ ምን ልትሠሩ ሄዳችሁ?" ያለኝም አለ። ለእያንዳንዱ በስልክ ከምመልስ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ።

አራታችን የምንተዋወቀው ከመርካዝ ክሊታ ጀምሮ ነው። አሁን አንዷ አፉላ፣ አንዷ ኔታንያ፣ አንዷ አሽዶድ፣ እኔ ራምላ ነን። ኒካዮን ስንሠራ፣ ልጅ ስናሳድግ፣ ለሠርግና ለለቅሶ ስንሮጥ ከርመን ፔንሲያ ወጣን። ገንዘቡን በዕቁብ ነው ያጠራቀምነው፤ ሦስት ዓመት ፈጀብን። ልጆቹ መጀመሪያ ሳቁ፣ ቀጥለው "ለልጅ ልጅ ባር ሚጽቫ ብታስቀምጡት አይሻልም?" አሉ። የኔታንያዋ "ስንቱን ደግሰናል! ይኼኛው ለጉልበታችን ነው" ብላ ዘጋቻቸው። መሄድ ለምታስቡ አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ የመድኃኒታችሁን ዝርዝር ከኩፓት ሆሊም በእንግሊዝኛ አስጽፋችሁ ያዙ፤ የጉዞ ቢቱዋሕ ስትገዙም ስኳርና ደም ግፊታችሁን አትደብቁ።

እሑድ ከኮፐንሃገን ተሳፈርን። መርከቧ አንድ ሰፈር ታህላለች። መግቢያው ላይ ሻንጣችንን በማሽን ሲያሳልፉ የአሽዶዷ ከጋቢ ውስጥ ጠቅልላ የያዘቻት ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ተያዘች። እሳት ሊያስነሳ የሚችል ነገር መርከብ ላይ አይፈቀድም፣ ስትወርዱ ትወስዷታላችሁ አሉን። ጀበናውን ግን ለቀቁልን። ጀበና ያለ ምድጃ ምን ያደርጋል? ከምግብ ቤቱ የፈላ ውሃ በቴርሞስ እየቀዳን የወቀጥነውን ቡና በጀበናው እየነከርን ጠጣን። አቦል ለማለት አፍ አይደፍርም፣ ግን ሽታው ሽታ ነው። ምግባችንን ቀድመን ካሸር ስላስመዘገብን ታሽጎ ይመጣልን ነበር።

ፊዮርድ ምን እንደሆነ የጠየቃችሁኝ አላችሁ። በጥንት ዘመን ትልልቅ የበረዶ ግግሮች ከተራራው ወደ ባሕር ቀስ እያሉ ሲወርዱ ድንጋዩን እንደ ማረሻ ቦረቦሩት። በረዶው ሲቀልጥ የባሕር ውሃ ሸለቆውን ሞላው። ስለዚህ ወንዝ ይመስላል እንጂ ውሃው ጨው ነው። ትልቁ ሶግነፊዮርድ 204 ኪሎ ሜትር ወደ አገሩ ውስጥ ይገባል፤ ጥልቀቱም ከ1,300 ሜትር ያልፋል። በሊማሊሞ ቁልቁለት የወረዳችሁ ገደሉን አስቡት። እዚያ ከገደሉ ሥር ሸለቆ አለ፤ እዚህ ከገደሉ ሥር ባሕር ነው፣ መርከቡም በዚያ ያልፋል።

ማክሰኞ ጌይራንገር ፊዮርድ ገባን። 15 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ዩኔስኮ በ2005 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ሰኔ ላይ ነው የሄድነው፣ ግን ተራራው ጫፍ ላይ በረዶ ነበር። አራታችንም ጋቢያችንን ተከናንበን ሰገነቱ ላይ ወጣን፤ ሰው ፊዮርዱን ትቶ እኛን ፎቶ ያነሳ ጀመር። "ሰባቱ እህትማማቾች" የሚባሉ ፏፏቴዎች ጎን ለጎን ይወርዳሉ። ፊት ለፊታቸው "ጠያቂው" የሚባል ሌላ ፏፏቴ አለ። እንደሚያወሩት ሰባቱንም ለጋብቻ ጠይቆ ሁሉም እምቢ ቢሉት ወደ መጠጥ ገባ። የኔታንያዋ ይህን ስትሰማ "ሽማግሌ ሳይልክ ራሱ ሄዶ ጠይቆ ነዋ!" አለች። አጠገባችን የነበሩ እስራኤላውያን ለምን እንደሳቅን አልገባቸውም።

ከዚያ ገደሉ ላይ ቤቶች አየን። ወፍ ያስቀመጣቸው ይመስላሉ። ስካገፍሎ የሚባለው ከውሃው 250 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተሠራ የገበሬ ቤት ነው፤ ፍየል ያረቡበት ነበር። ዛሬ የሚኖርበት የለም፣ ቤቶቹ ግን እየተጠገኑ ቆመዋል። የኖርዌይ ንጉሥና ንግሥት 25ኛ የጋብቻ በዓላቸውን በ1993 እዚያው አክብረዋል ሲሉን የአሽዶዷ "ድግሱን ማን ተሸክሞ አወጣው?" ብላ ጠየቀች። ሠርግ ያበሰለች ሴት የምትጠይቀው ይህንኑ ነው።

አስጎብኚያችን በዕብራይስጥ ነበር የሚያስረዳን። ግብር ሰብሳቢ ሲመጣ ገበሬው መሰላሉን ወደ ላይ ይስበው ነበር ይባላል አለን። ሁሉም ሳቀ። እኔ አባቴን አሰብኩ። የእኛ አባቶች የሚስቡት መሰላል አልነበራቸውም፤ መሬቱም የሰው ነበር፣ ጭሰኞች ነበሩ። እህሉ ተወቅቶ ባለመሬቱ ድርሻውን እስኪወስድ አውድማው ዳር ቆሞ የሚጠብቅ ሰው መልኩ ምን እንደሚመስል እናንተ ታውቃላችሁ፣ ለልጆቻችን ግን ማስረዳት ያቅተኛል።

አስጎብኚው ቀጥሎ እናቶቹ ሥራ ላይ ሲሆኑ ትንንሽ ልጆች ከገደሉ እንዳይወድቁ በገመድ ያስሯቸው ነበር አለ። አንዲት ወጣት "ልጅን እንደ ፍየል? ጭካኔ ነው!" አለች። ያን ጊዜ የአፉላዋ ጓደኛችን፣ ከአራታችን ዝምተኛዋ፣ በዕብራይስጥ "እኔም አስሬያለሁ" አለች። ሰዎቹ ዞረው አዩአት። ሌላ አልጨመረችም፤ ወደ ክፍላችን ወረደች።

ተከትለናት ወረድን። ቡና ስንቀዳላት ተናገረች። ወደ ሱዳን ስንሄድ ሌሊት ሌሊት ነበር የምንጓዘው፣ መብራት የለም፣ ድምፅ ማሰማት የለም። የአራት ዓመት ልጇ ከሰው መሀል እንዳትጠፋ መቀነቷን ፈትታ አንዱን ጫፍ በልጅቷ ወገብ፣ አንዱን በራሷ አስራ ነው የሄደችው። ልጅቷ ስትደክም ይጎትታታል። ይህች ልጅ ዛሬ የልጆች እናት ናት። "መጎተት ትዝ ይለኛል፣ ለምን ነበር የምታስሪኝ?" እያለች ዓመታት ጠይቃታለች። ጓደኛችን "ሕልም ይሆናል" እያለች አልፋዋለች። ለምን እንደሆነ አልጠየቅናትም። ብዙዎቻችን ያን መንገድ ለልጆቻችን ያልነገርነው በአንድ ምክንያት አይደለም።

ማታ የመርከቧን ኢንተርኔት ገዛንላትና በዋትስአፕ ድምፅ ላከች። ገደሉንም ቤቶቹንም ፎቶ አድርጋ ጨመረች። ልጅቷ እንደሰማችው በሰማያዊው ምልክት አየን። መልስ ግን የለም።

ረቡዕ ኦሌሱንድ ነበርን። በጥር 1904 በአንድ ሌሊት ከተማው ተቃጥሎ ወደ 10,000 ሰው ቤት አልባ ሆኗል፤ አሁን ያለው በድንጋይና በጡብ የተሠራ ነው። ቆንጆ ነው፣ ግን እሷ ስልኳን እንጂ ከተማውን አላየችም። ሐሙስ ፍሎም ወረድንና በባቡር ተራራ ወጣን፤ 20 ኪሎ ሜትር መንገድ 866 ሜትር ሽቅብ ነው። እዚያ አካባቢ ኡንድሬዳል የሚባል መንደር ከሰው ፍየል ይበዛበታል አሉን። አይባቸውን ግን አልቀመስነውም፣ ካሸር አይደለም።

ዓርብ ባሕር ላይ ነበርን። ሻማ ማብራት ክልክል ስለሆነ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ መብራት ሰጡን። የኔታንያዋ "ይሻላል! እናቶቻችን ለሰንበት እሳት ያጠፉ ነበር እንጂ መች ያበሩ ነበር" አለች። እውነቷን ነው፤ ሻማውን የተማርነው እዚህ መጥተን ነው።

ሰንበት ሊገባ አንድ ሰዓት ሲቀረው መልእክቱ መጣ። ልጅቷ ያቺን አንድ ነገር ብቻ ነበር የጻፈችው፦ "እማ፣ ከእኔ ጋር የታሰረ ሌላ ልጅ ነበር?"

እኛ ሦስታችን መልሱን ከመርካዝ ክሊታ ጀምሮ እናውቀዋለን። ልጁን ሱዳን መጠለያው አጠገብ ቀብራው ነው የመጣችው። ስልኩን ይዛ ቆመች፣ ቆመች፣ ከዚያ "ይህ በጽሑፍ አይሆንም" ብላ አጠፋችው። ሰንበትም ገባ።

እንዲህ ያለ ረጅም ቅዳሜ አይቼ አላውቅም። በሰኔ በዚያ አገር ፀሐይ ለመጥለቅ አትቸኩልም። ራት ተበላ፣ ሙዚቃ ቤቱ ተከፈተ፣ ሰማዩ ግን እንደ ቀትር ብሩህ ነው። የሰንበት መውጫውን አስጎብኚው ከራብ ጠይቆ በወረቀት ጽፎልን ነበር። ሰዓቱ ደረሰና "በይ እንግዲህ ደውዪ" አልናት። "አባቴ ኮከብ ሳያይ ሰንበት አያስወጣም ነበር" አለች። ደመና ነበር። ጋቢ ደራርበን ሰገነቱ ላይ አራታችንም አንገታችንን አቅንተን ስንጠብቅ የመርከቡ ሠራተኞች ምን ጠፋባቸው ብለው ሳያስቡ አልቀሩም።

እኩለ ሌሊት ሲቃረብ ደመናው ከደቡብ በኩል ተከፈተ። አንድ፣ ሁለት፣ የአሽዶዷ ሦስተኛውን አሳየችን። ስልኳን አብርታ ወደ መርከቡ ጀርባ ብቻዋን ሄደች። እኛ ወርደን ውሃ ቀዳን።