ዶሮ የታቀፈችው የዳክዬ እንቁላል

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች፥ ሌሊቷ ለሰውም ይከብዳል። በዚህች ከተማ ስድስት የዳክዬ እንቁላል ለዶሮ አስታቀፍሁ። የዶሮ እንቁላል በ21 ቀን ይፈለፈላልና፥ ቀኑ ሲያልፍ ባለቤቴ «ገምቷል፤ ይጣል» አለችኝ። የዳክዬ ግን 28 ቀን ይፈልጋልና እንቢ አልሁ።

ቀኑ ሲደርስ አንዱ ጫጩት ቅርፊቱን ሸንቁሮ እስከ ማታ ሳይወጣ ቢቀር፥ የረዳሁት መስሎኝ በጥፍሬ ላጥሁለት፤ ደም ፈሰሰውና ሞተ። ከሸነቆረ በኋላ አንድ ቀንና ከዚያም በላይ ሊቆይ እንደሚችል፥ የቀረው ደምና አስኳል ወደ ሰውነቱ የሚገባውም በዚሁ ጊዜ እንደ ሆነ የተረዳሁት ከጥፋቴ በኋላ ነው።

አምስቱ ሳልነካቸው ወጡ። ለስላሳው ጠጉራቸው ከረጠበ ብርዱ ይገድላቸዋልና፥ ምንቃራቸውን እስከ አፍንጫቸው ብቻ የሚነክሩበት ውኃ በትንሽ ጣባ አኖርሁላቸው። እነርሱ ግን ጣባው ውስጥ ለመግባት ይጋፋሉ፤ ዶሮዪቱም ልጆቼ ሰጠሙ ብላ ዙሪያውን እየዞረች ትጮኻለች።