ንባብ፣ ኳስና ሻይ

«ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ይዩልኝ» አለችኝ የጎረቤቴ ልጅ ደብተሯን ዘርግታ። ለ12ኛ ክፍል ፈተና እየተዘጋጀች ነው። ጣቷ ያረፈው «ማይ ሆቢስ አር ሪዲንግ፣ ስዊሚንግ ኤንድ ሚዩዚክ» በሚለው ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያዎቼ ማንበብ፣ መዋኘትና ሙዚቃ ናቸው ማለት ነው። መልመጃው «ስሕተቱን አርሙ» ይላል። እሷ ግን ስሕተቱ አልታይ ብሏታል።

እኔም ዝም አልኩ። መልሱ ጠፍቶኝ አይደለም። ይህንኑ መልስ ከብዙ ዓመት በፊት በቀይ እስክሪብቶ ለአንድ ሰው ሰጥቼው ስለነበር ነው።

ጊዜው 1989 ዓ.ም. ነው። ሰፈራችን ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ከመባሉ በፊት፣ በአንድ ትምህርት ቤት የማታ ተማሪዎችን እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። ተማሪዎቼ ቀኑን ሲደክሙ ውለው የሚመጡ ናቸው፤ ልብስ ሰፊው፣ ወያላው፣ የቤት ሠራተኛዋ። ከነሱ አንዱ አጠና ተራ እንጨት ተሸካሚ ነበር። የባሕር ዛፍ ሽታ ከጃኬቱ አይለይም። ስለ ራሳችሁ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ ብላቸው፣ እሱ «አይ ላይክ ሪዲንግ፣ ፉትቦል ኤንድ ቲ» ብሎ ጻፈ። ንባብ፣ ኳስና ሻይ እወዳለሁ ማለቱ ነው።

እኔ በዚያን ጊዜ የተማርኩትን ሕግ እንደ ሃይማኖት የያዝኩ ወጣት ነበርኩ። በእንግሊዝኛ ሰዋስው ፓራለሊዝም የሚሉት ነገር አለ፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተደርድረው በ«ኤንድ» የሚያያዙ ነገሮች መልካቸው አንድ ዓይነት ይሁን ይላል። «ሪዲንግ» በ«ኢንግ» የሚያልቅ፣ ጀረንድ የሚባል ነው። ስለዚህ «ፉትቦል»ን ሰርዤ «ፕሌዪንግ ፉትቦል»፣ «ቲ»ን ሰርዤ «ድሪንኪንግ ቲ» አደረግኩለት። ከዐሥር አምስት ሰጠሁት።

ልጁ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ እኔ ኳስ አልጫወትም፤ ጊዜ የለኝም። እሑድ እሑድ በሬዲዮ ነው የምከታተለው። እኔ ያልኩት ኳስ እወዳለሁ ነው» አለ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም «ሰዋስው ስለ አንተ ኑሮ አይጠይቅም» ብዬ አስቀመጥኩት።

ከወር በኋላ መምጣቱን ተወ። በእኔ ምክንያት ነው አልልም፤ የማታ ተማሪ የሚቀርበት ምክንያት ብዙ ነው። ነገር ግን ደብተሩ ላይ ያስጻፍኩት ዓረፍተ ነገር ውሸት እንደነበር አውቃለሁ።

ሕጉ ራሱ ሐሰት አይደለም። የኛም ቋንቋ ያውቀዋል። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ሁላችንም «ማንበብና መጻፍ» አልን እንጂ «ንባብና መጻፍ» ሲል የሰማሁት ሰው የለም። «ልደትና ሞት» እንላለን፤ ወይም «መወለድና መሞት» እንላለን። «ልደትና መሞት» ካልን ግን ጆሯችንን ይጎረብጠዋል።

ለመሆኑ ጀረንድ ማን ነው? ከግሥ ተወልዶ የስም ካባ የደረበ ነው። የቅኔ ቤት ሰዎች ንዑስ አንቀጽ የሚሉት የኛው «ማንበብ»፣ የኛው «መጻፍ» ዘመዱ ነው። በስም ወንበር ላይ ስለሚቀመጥ ከስም ጋር ቢሰለፍ ነውር የለበትም። እንግሊዞቹም «ቼስ ኤንድ ፊሺንግ» ይላሉ፤ «ፕሌዪንግ» የምትለዋ ለምን ቀረች ብሎ የሚቆጣ የለም።

የሚነወረው ሌላ ነው። አንደኛው ጀረንድን «ቱ» ከሚቀድመው ግሥ ጋር ማደባለቅ ነው፤ «ሪዲንግ ኤንድ ቱ ስዊም» እንደማለት። ሁለተኛው፣ ግሡ የታወቀ ስም እያለው በ«ዲስትራክሽን» ጀምሮ በ«ኮንስትራክቲንግ» መጨረስ ነው፤ ይህ የኛው «ልደትና መሞት» ነው። ሦስተኛው ትርጉም የሚያዛባው ነው። «አይ ላይክ ሪዲንግ ቡክስ ኤንድ ፉትቦል» ብትሉ፣ ኳሱም ከመጽሐፉ ጋር የሚነበብ ይመስላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ስሙን አስቀድሞ «ፉትቦል ኤንድ ሪዲንግ ቡክስ» ማለት ነው። ኳሱም ነፃ ይወጣል፤ የማይጫወተውም ሰው አልተጫወተም።

ሰዋስው በግዕዝ መሰላል ማለት ነው። እኔ ቃሉን ሳስተምር የመሰላልን ነገር የሚያውቀው ግን ያ የአጠና ተራው ልጅ ነበር። መወጣጫዎቹ ሁሉ ከአንድ ዛፍ ካልተቆረጡ የሚል አናጢ የለም። በልክ ተራርቀው ይመቱ፣ የሰው እግር ይቻሉ፤ ይበቃል።

ለጎረቤቴ ልጅ ሁለቱንም ነገርኳት። ፈተናው ላይ «ሊስኒንግ ቱ ሚዩዚክ» የሚል ምርጫ ካለ እሱን አጥቁሪ አልኳት፤ ሦስቱም በ«ኢንግ» ሲሄዱ ዜማው ያምራል፣ ፈታኙም የሚጠብቀው ያንን ነው። ነገር ግን ስሕተት የተባለው ሁሉ ስሕተት አለመሆኑን እወቂ አልኳት።

«ለመሆኑ አንቺ ሙዚቃ ትሰሚያለሽ ወይስ ትጫወቻለሽ?»

«ክራር እየተማርኩ ነው» አለች ሳቅ ብላ።

«እንግዲያው ለራስሽ ስትጽፊ ሚዩዚክ ብለሽ ተይው። ሊስኒንግ ካልሽ ክራርሽን ውጭ አስቀረሽው።»

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ አበው። ተረቱን ልብ በሉልኝ፤ «ከጥምጣም» አላሉም። መጠምጠምን ከመማር ጋር አሰልፈው፣ ፓራለሊዝምን ያለ ቀይ እስክሪብቶ ጨርሰውታል። እኔ ግን ያን ጊዜ አስቀድሜ ጠመጠምኩ።

ያ ልጅ ዛሬ ጎልማሳ ነው። ንባብ እወዳለሁ ብሎ ነበርና ምናልባት ይህችን ገጽ ያገኛት ይሆናል። ካገኛት፣ ማርኩ ዐሥር ከዐሥር ነው። ሻዩንም እኔ እጋብዛለሁ።